ምሳ ከመርዶ በፊት

እናታችን ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር፤ እህቴ ግን አልሰማችም። መርዶውን የመንገር ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። እስቲ አሁን ይሄ እኔ ላይ ይወድቃል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ሰላምታ እንኳ በወጉ ተለዋውጠን አናውቅም። አጎታችን ኔትወርክ ፍለጋ ከገጠር ከተማ ድረስ ወጥተው ደወሉልኝና «ለእሷ በስልክ አንነግራትም፤ ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር እንዳትሆን። አንቺ እዚያው አጠገቧ ነሽ። ሰው ይዘሽ፣ እህል አቅምሰሽ፣ በአካል ንገሪያት» አሉኝ። እኔን ግን በስልክ ነገሩኝ። እኔ ብቻዬን ሰምቼ ምን እንደምሆን ማንም አላሰበም። «አንቺ እንደሆንሽ ጠንካራ ነሽ» አሉኝ። እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች አንጀቴን ነው የሚያሳርሩት።

የሰማሁት ማዳሜ እንግዳ ጠርታ እኔ ሳህን በማጥብበት ሰዓት ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ቆምኩ። ኡኡ ብዬ እንዳልጮህ ሳሎኑ በሴት ተሞልቷል። መሬት ላይ እንዳልንከባለል ገና ሻይ አላቀረብኩም። እንባም አልመጣልኝ። እኔ ላይ ሁልጊዜ ከእንባ የሚቀድመው ንዴት ነው፤ ሳህኑን አጠብኩ፣ ሻዩን አቀረብኩ፣ አንዱን ብርጭቆ ሰበርኩ። ማዳም ተቆጣችኝ። እሰይ፣ ደግ አደረገች፤ የምጣላው ሰው አገኘሁ።

እህቴ መካ ናት። ዛሂር የሚባል ሰፈር ከባሏ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ እሷ ሚስፈላ ሰፈር ካሉት የሐጃጆች ሆቴሎች ባንዱ አልጋ ታነጥፋለች፣ እሱ የውሃ መኪና ይነዳል። እኔ ደግሞ ጂዳ፣ ማዳሜ ቤት፣ ይኸው አስራ አንድ ዓመቴ። በመኪና ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ነገር ግን ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ ሃይማኖቴ ተጽፏልና መካ መግቢያ ላይ ያለው ኬላ አያሳልፈኝም። እሷ ስትፈልግ ጂዳ ትመጣለች፤ እኔ ብፈልግም መካ አልገባም። ደግሞስ ማን ፈለገ?

የተጣላንበትን ልናገር፤ ሰው ከሚያወራው እኔው ብናገር ይሻላል። እዚህ አገር ያመጣችኝ እሷ ናት። ቀድማ መጥታ፣ ሠርታ፣ ቪዛዬን አስወጥታ። ከዚያ ይህን ወሎዬ አገኘችና ሰለመች፤ ኒካ አሰረች። እኔ የሰማሁት ከእሷ አይደለም፤ አውቶቡስ ላይ ካገኘኋት ከአንዲት የማላውቃት ሴት ነው። «እህትሽ እንኳን ደስ አላት» አለችኝ። ደሜ ፈላ። በዚያው ሳምንት ለእናታችን ደውዬ ነገርኳት። ሰው ሲጠይቀኝ «ከባዳ ከምትሰማ ከእኔ ትስማ ብዬ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ተናድጄ ነው። እናታችን የቄስ ልጅ ናት። ከል ለበሰች፤ ልጇን በቁሟ አለቀሰችላት። እህቴም ይህን ስትሰማ «እኔ ቀስ ብዬ ልነግራት ነበር፤ አንቺ ነሽ ከእናቴ የለየሽኝ» አለችኝና በዚያው ተቆራረጥን። ከዚያ ወዲህ እኔ እሁድ እሁድ እናቴን ከቅዳሴ ስትመለስ በአጎታችን ስልክ አገኛት ነበር፤ በደወልኩ ቁጥርም የእህቴን ነገር ሳላነሳ ዘግቼ አላውቅም። እንዳይበርድ እቆሰቁሰዋለሁ።

አሁን እህቴ ሰኞ አገር ቤት ልትገባ ትኬት ቆርጣለች አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳትሄድ ቆይታ! ሻንጣዋ ሞልቷል። እናቷ እግር ላይ ወድቃ ልትታረቅ ነው የምትሄደው፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር። ካልተነገራት የለቅሶው ድንኳን ፈርሶ፣ ሰው ተበትኖ፣ ብርድ ልብስ ታቅፋ ደጅ ላይ ልትደርስ ነው። ከኖርንበት ጸብ ሁሉ በላይ ይሄ አስፈራኝ። በጠላቴም አልመኘውም፤ እህቴ ደግሞ ከጠላት ትንሽ ትሻለኛለች።

ባሏ ዘንድ ደወልኩ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን» አለ፤ ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔ ያላለቀስኩላትን እናቴን እሱ አለቀሰላት። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ራሱ ያናድደኛል። «ወላሂ እህቴ፣ ነገሩ ሰብር፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዓርብ ይዣት እመጣለሁ፤ 'ከመሄድሽ በፊት እህትሽ ልትሰናበትሽ ፈልጋ ምሳ ጠርታናለች' እላታለሁ» አለኝ። ምግብ ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ቤቱ ከፔትሮሚን ሰፈር ወዲህ፣ ከአንድ ጎሚስታ በላይ ያለ ፎቅ ነው። ታች ጎማ ይነፋል፣ ብረት ይቀጠቀጣል፤ ላይ ወጥ ይሸታል። ብቻቸውን የመጡ ወንዶች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ቤተሰብ ይዞ የመጣ በመጋረጃ ወደተከለሉት ክፍሎች ይገባል። የመጨረሻዋ ክፍል ግን በመጋረጃ ፋንታ በር አላት። የጂዳ አበሻ ሴት ሁሉ ያቺን በር ያውቃታል። እዚህ አገር የቤት ሠራተኛ የራሷ ቤት የላትም፤ የምታድረው ሰው ቤት ነው። እናት ወይም ወንድም ሲሞትባት የት ይነገራታል? ማዳሟ ወጥ ቤት? ስለዚህ የአገር ልጅ ተሰባስቦ አንድ የሌለ ግብዣ ይፈጥርና ወደዚያ ቤት ይጠራታል። ያበሏታል፣ እጇን ያስታጥቧታል፤ ከዚያ የምግብ ቤቱ ባለቤት ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ስድሳ ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። ቀስ ብለው ይቀመጡና «ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይሞት የለም» ብለው ይጀምራሉ። ለቅሶውም በመጠን ነው፤ ታች ያሉት ሰምተው ፖሊስ እንዳይጠሩ፣ ኢቃማ የሌላትም ሴት ስላለች። ጂዳ የምትኖር ሴት ድንገት «ምሳ ልጋብዝሽ» ተብላ ወደዚያ ቤት ከተጠራች ደረጃውን እያለቀሰች ነው የምትወጣው። እህቴ ግን የመካ ሰው ናት፤ አታውቅም።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ዘንድ ቀድሜ ሄጄ አማከርኳቸው። «ዓርብ ከሰላት በኋላ አምጧት። ሁለት ትልልቅ ሴቶች እጠራለሁ። አንቺ ምንም አትናገሪ፤ ንግግሩ የእኔ ነው። የአንቺ ሥራ እጇን እስክትታጠብ አፍሽን መያዝ ብቻ ነው፤ ሰምተሻል?» አሉኝ። ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ነው ያሉት። ሰው እንዴት ቶሎ ያውቀኛል!

ዓርብ ማዳም የአራት ሰዓት ፈቃድ ሰጠችኝ። ቀድሜ ደርሼ የመጨረሻዋ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። የምግብ ቤቱ ባለቤትና የጠሯቸው ሁለት ሴቶች አጠገቤ ባለችው በመጋረጃ ክፍል ሻይ ይዘው ይጠብቃሉ። ሁላችንም ጥቁር በጥቁር ነን። እዚህ አገር ሴት ሁሉ ጥቁር ዓባያ ስለምትለብስ ከል የለበሰችውን ካልለበሰችው ማን ይለያል? ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቴን ሳዝን ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

እህቴ ገባች። ባሏ ከኋላዋ። ፊቷን ስትገልጥ እናቴን መስላለች፤ አገጯ፣ የዓይኗ ሽፋን፣ ሁሉ ነገሯ። ያ ራሱ አበሳጨኝ። ጉንጭ ለጉንጭ ሳንነካካ አየሩን ሳምነው።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ምሳ ላበላሽ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይርበኝ?»

ባሏ «ያላ፣ ቢስሚላህ እንቀመጥ፤ ሰው በሆዱ ሲጠግብ ነገሩም ይቀላል» አለና መሀላችን ገባ። የበግ ጥብስና ዱለት አዘዘ። እኔ ለራሴ ሽሮ አዘዝኩ።

እህቴ ሳቀች። «ሽሮ?»

«ዛሬ ዓርብ ነው፤ እጾማለሁ» አልኩ። በእግዜር ስም! አስራ አንድ ዓመት በማዳሜ ቤት ዓርብ ዓርብ የዶሮ ካብሳ ሩዝ ስበላ የኖርኩ ሴት ነኝ። የበግ ትከሻ ቢተርፍ በእጄ ነው የምግጠው። ግን እሷ ፊት ስጋ አልበላም፤ ያረደውን ሰው እያሰብኩ ሳይሆን ያዘዘውን ሰው እያየሁ።

«ዓርብ!» አለች፤ «የማዳምሽ ካብሳ ዓርብን አያውቃትም? ወይስ ጾሙ እኔን ስታዪ ነው የሚይዝሽ?»

«ሃይማኖቱን ለቅቆ የሄደ ሰው የሌላውን ጾም አይቆጣጠርም።»

«ይኸው!» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «አላልኩህም? ልትሰድበኝ ነው የጠራችኝ።»

ጥርሴን ነከስኩ። ባሏ በዓይኑ ለመነኝ። «ብይ» አልኳት፤ «ምግቡ ሲቀዘቅዝ አይጥምም።» የምችለውን ያህል አለስልሼ ነበር ያልኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ትእዛዝ ሆነ። ከእኔ አፍ የሚወጣ ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው።

እሷ ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምትበላው። ወይ አበላል! አንድ ትቆርሳለች፣ ታወራለች፣ ትተወዋለች፣ ውሃ ትጠጣለች። እኔ ጉርሻዋን እየቆጠርኩ እቅበጠበጣለሁ። ብይና ጨርሺ፣ ታጠቢና ይለቅልኝ። ከግድግዳው ወዲያ የሻይ ብርጭቆ ይንቃጨላል፤ ሴቶቹ እንደኛው እየጠበቁ ነው።

ባሏ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ «እስቲ እህትሽን አጉርሺያት» አላት። እህቴ ፊቷን አኮሳትራ ቆየችና፣ ከሽሮው በእንጀራ ጠቅልላ፣ ስጋ እንዳይነካው ተጠንቅቃ ወደ አፌ ዘረጋች። ያን ጊዜ ብቀበላት ምን ነበረበት? ፊቴን አዞርኩ። እጇ በአየር ላይ ቀረ።

«እህት ዓለም፣ የተዘረጋ እጅ አይመለስም» አለ ባሏ።

«ጠግቤያለሁ» አልኩት።

ጉርሻውን መልሳ ትሪው ላይ አደረገችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየሁት፤ ወዲያው ደረቀ። «የእናታችንን ነገር ሁሉ አንቺ ወሰድሽ፤ ጉርሻ የመጥላቱን ግን ከየት አመጣሽው? እሷ እንኳ እንዲህ አትጨክንም» አለች።

«እሷን አንቺ ምን ታውቂያታለሽ? ዘጠኝ ዓመት ድምፅዋን አልሰማሽ።»

ወደ ባሏ ቀና ብላ አየች፤ እሱ ወደ ትሪው አቀረቀረ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም፤ አሸነፍኳት ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ የገዛችውን ሁሉ ታሳየኝ ጀመር። ልታስቀናኝ ነው፤ አውቃለሁ። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ለእግር የሚለሰልስ ጫማ፣ ነጭ ሻርፕ፣ ለመገጣጠሚያ የሚቀባ ቅባት። «ጉልበቷን ያማታል፤ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ነው የሚብስባት» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰው» አለች። ከዚያ ስልኩን ወደ ጎን አድርጋ ትክ ብላ አየችኝ። «በይ የአንቺንስ? ለእሷ የምትልኪውን ያዥልኝ ልትዪ ነው የጠራሽኝ ብዬ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ቦታ ትቼልሻለሁ። አምጪዋ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። እዚህ አገር ሰው አገር ቤት ሲገባ እቃ ያልሰጠ ዘመድ የለም፤ ጠላትም ቢሆን ለእናቱ ሳሙና ይልካል። ምን ቅብጥ አድርጎኝ ነው አንድ ነጠላ እንኳ ገዝቼ ለማስመሰል ያላሰብኩት? ሦስቱን ሳምንት ሁሉን አዘጋጅቼ፣ ሴቶቹን አስጠርቼ፣ ይህችን ረሳሁ።

«የምልከው የለኝም» አልኩ።

«ምንም?»

«ምንም።»

«አንድ ሻርፕ?»

«አልልክም አልኩሽ።»

«አንድ ሳሙና! ለወለደችሽ እናት አንድ ሳሙና!» ድምፅዋ ከፍ አለ። ባሏ «ተያት በአላህ፤ ኸላስ፣ በቃ፣ ብይ፣ ጨርሺ» ይላል። ማን ሊሰማው! «እሁድ እሁድ ስትደውዪላት 'እኔ ብቻ ነኝ የምወድሽ' ስትያት ኖረሻል። ፍቅርሽ ይሄ ነው? ንፉግ! ከዚህ አገር ለእናትሽ የላክሽላት ነገር ቢኖር የእኔ ወሬ ብቻ ነው!»

«አፍሽን ዝጊ።»

«አልዘጋም! አሁን ስሄድ ምን ልበላት? 'ልጅሽ አንድ ጫማ ነፍጋሻለች' ልበላት?»

«የምትነግሪያት እናት የለችም!» አልኩ። አልኩ አይደለም፤ ጮህኩ። «ሞታለች! ሦስት ሳምንቷ ነው! ለአፈር ጫማ ልላክ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሉ ከወጣ በኋላ አየሁት፤ ልመልሰው ብል የት ተገኝቶ። መርዶን አሽሞንሙነው፣ እያባበሉ፣ ትከሻ ይዘው ነው የሚናገሩት። እኔ እንደ ድንጋይ ወረወርኩባት። ባዳ እንኳ ለባዳ እንዲህ አያደርግም።

እህቴ አልጮኸችም። ጣቶቿ መሀል የያዘችው እንጀራ አለ፣ ጥብሱ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ልትጎርሰው ይሁን ልታስቀምጠው እንደማታውቅ ሰው ይዛው ቀረች። በሩ ተከፈተና የምግብ ቤቱ ባለቤት ሻሻቸውን እየሳቡ ገቡ፤ ሁለቱ ሴቶች ከኋላቸው። መጀመሪያ ያዩት እጇን ነው። «ምነው ልጄ!» አሉኝ፤ «ምነው እጇን እንኳ ብትታጠብ!»

ከዚያ ወዲያ ነው ድምፅዋ የመጣው። ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ በሻሻቸው አፏን ያዙት፤ «ቀስ የኔ ልጅ፣ ቀስ፤ ታች ሰው አለ፤ የሰው አገር ነው» እያሉ። ወጥ በነካ እጇ ደረቷን መታች። ሴቶቹ እጇን ያዟት። ባሏ ሻሿን እያስተካከለ፣ እንባው በጺሙ እየወረደ ቁርኣን በቃሉ ይቀራል። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜያለሁ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። የእኔም እናት ናት እኮ! ልል ፈለግሁና በየትኛው ፊቴ።

ብዙ ቆይታ ተረጋጋች። ሴትዮዋ ማስታጠቢያ አስመጥተው እጇን ራሳቸው አጠቡላት። ያን ጊዜ እኔን መጠየቅ ጀመረች፤ ሳታየኝ።

«ምን አመማት?»

«ሆዷን። ሦስት ቀን ነው የተኛችው።»

«ማን አጠገቧ ነበር?»

«አጎታችን። ጎረቤቶቿ።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«በሞተች በሦስተኛው ቀን። ካንቺ ያስቀረሁት ለክፋት አይደለም፤ እንዲህ ተሰብስበን በወጉ...» በወጉ! ቃሉ ራሱ አፌ ውስጥ አፈረ።

ይቅርታ መጠየቅ አልችልም፤ ሳልችልበት ነው ያረጀሁት። ልጠይቅ ብዬ የጀመርኩት ነገር ሁሉ መጨረሻው ላይ እሾህ ያበቅላል። ያን ቀንም ላጽናናት ብዬ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ላጽናናት ብዬ ነው እንዲህ ያልኩት፤ «እኔም እኮ ያዘንኩልሽ፣ ሳትታረቂያት መሞቷ ነው። ይቅር ሳትልሽ።»

ቀና አለች። አለቃቅሳ ያበጠ ዓይኗን እኔ ላይ አሳረፈች። ንዴት ብጠብቅም አላየሁበትም። የታከተው ሰው አስተያየት ነው ያየችኝ።

«ማን ነው ያልታረቀው?» አለች። «እኔና እማ ከታረቅን ሁለት ዓመታችን ነው።»

«ውሸት።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ በባለሱቁ ስልክ ትደውልልኛለች። ያለፈው ወር ኔትወርኩ እስከጠፋ ድረስ አንድ ቅዳሜ አላለፈንም። ጉልበቷን እንደሚያማት ማን የነገረኝ መሰለሽ? ነጭ ሻርፕ አምጪልኝ ያለችኝ ራሷ ናት።»

ወደ ባሏ ዞርኩ። ውሸት ነው እንዲለኝ ነበር። «ወላሂ እውነት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔንም 'ልጄ' ነበር የሚሉኝ። 'ልጄን አደራ' ይሉኝ ነበር።»

ሁለት ዓመት! እኔ እሁድ እሁድ ስደውል፣ «ያቺ ከሃዲ» ስል፣ እናቴ «ተያት ልጄ፣ ስሟን አታንሽብኝ» ስትለኝ፣ እኔ ምሬቷ አልወጣላትም እያልኩ ስረካ፤ ለካ በዋዜማው ቅዳሜ ከእሷ ጋር ስትስቅ ውላለች።

«ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?» አልኩ። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

እህቴ ዓባያዋን አስተካክላ ተነሳች። «ፈርታሽ ነዋ» አለች።

«ማንን?»

«አንቺን። 'ትንሿ እንዳትሰማ' ትለኝ ነበር። 'እሁድ እሁድ እሳት ይዛ ነው የምትደውልልኝ፤ ካንቺ ታርቄያለሁ ብላት ትጣላኛለች፤ እሷንም ካጣሁ ምን ይቀረኛል' ትላለች። ንገሪያት እያልኩ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ። በመጨረሻ ነው እሺ ያለችኝ። 'ብቻዬን አልችላትም፤ አንቺ ነይና አጠገቤ ሆነሽ አብረን እንንገራት' አለችኝ። ሰኞ የምሄደው ለዚህ ነበር።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

ደረጃውን ስትወርድ ተከትዬ ወረድኩ። ፀሐዩ ከአስፋልቱ ላይ ተነስቶ ፊት ይጠብሳል፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ባሏ መኪናውን አስነሳ። እሷ ስትገባ የመኪናውን በር ይዤባት ቆምኩ።

«ለቅሶ የት ነው የምትቀመጪው?»

«የት እቀመጣለሁ? ቤቴ ነዋ፤ ዛሂር።»

«እኔስ? እኔ የት ልቀመጥ?»

እዚህ አገር ቤት ያላት የእናቴ ልጅ እሷ ብቻ ናት። እኔ ያለኝ ማዳሜ ወጥ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት አልጋ ናት፤ ሰው መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለኝ በር የለኝም። ይህን ሁሉ መናገር አላስፈለገኝም፤ ታውቀዋለች።

«አንቺን ኬላው አያሳልፍሽም» አለች።

«አውቃለሁ።»

የምታዝንልኝ መሰለኝ፤ ፊቷ እናቴን ሲመስል ስላየሁ ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ እጄን ከበሩ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው።

«ቢያሳልፍሽም በሬን አልከፍትልሽም ነበር» አለችኝና ዘጋችው።

መኪናው እስኪሰወር ቆምኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዬ መጣ፤ እንደ ጎርፍ ነው የመጣው፤ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ውሃ ይዘው ከፎቅ ወረዱና አጠገቤ ጎንበስ ብለው ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር። «አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ። ለእናት ቢያለቅሱ አያሳፍርም» አሉኝ።

ለሞቷ የማለቅስ መስሏቸው ነው። አላረምኳቸውም። ያለቀስኩት እናቴ እኔን እንደፈራች ስለሞተች ነው።